ተመላላሽ ደንበኛን መሸለም፦ ለምግብ ቤታችሁ የሚሆነውን ፕሮግራም እንዴት ትመርጣላችሁ?

የኪስ ቦርሳዬ ውስጥ አራት የማህተም ካርዶች አሉ፤ በበላችሁ ቁጥር ማህተም የሚመታባቸው፣ ሲሞሉ ነፃ ነገር የሚያስገኙ። ሦስቱ ሁለት ሁለት ማህተም ላይ ቆመው ቀርተዋል። አራተኛው ሙሉ ነው፤ ግን አልተበላበትም። ሞልቼው ስወስደው ካሸሯ አገላብጣ አየችውና «ይሄን የጀመረው ሥራ አስኪያጅ እኮ ለቋል» ብላ መለሰችልኝ። ሒሳቤን ከፍዬ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ እዚያ ቤት አልደረስኩም። የሚገርመው፣ ካርዱ ባይኖር ኖሮ እስካሁን እመላለስ ነበር። ምግቡን እወደው ነበራ።

ይህን ያነሳሁት ቤቱን ለማማት አይደለም። ሳይታሰብበት የተጀመረ ፕሮግራም ምንም ፕሮግራም ካለመኖር ሊብስ እንደሚችል ለማሳየት ነው። የሽልማት ሲስተም ሊሸጥላችሁ ታብሌት ይዞ የሚመጣው ሻጭ ይህን አይነግራችሁም። እሱ የሚነግራችሁ «ደንበኞቻችሁ ታማኝ ይሆናሉ» ብሎ ነው።

ይህ መመሪያ የትልቅ ሰንሰለት፣ ማለትም በአንድ ስም ብዙ ቅርንጫፍ ያለው ድርጅት፣ አካል ላልሆነ ቤት ነው። ባለቤቱ ራሱ ወጥ ቤትና ሳሎን መሀል እየተመላለሰ ለሚሠራበት። ቅደም ተከተሉን አትዝለሉ፤ በተለይ ሦስተኛውን።

1. መጀመሪያ ምን እየገዛችሁ እንደሆነ ወስኑ

ሽልማት ስትሰጡ ገንዘብ እያወጣችሁ ነው። የምትገዙት ደግሞ የደንበኛን ልማድ ነው። ሰውየው በሽልማቱ ምክንያት ያደረገው አዲስ ነገር ከሌለ ምንም አልገዛችሁም። ድሮም ለሚመጣ ሰው ስጦታ ሰጣችሁ ማለት ነው። ስጦታ መስጠት ክፋት የለውም፤ ግን ስጦታ መሆኑን አውቃችሁ ስጡ።

ሊለወጡ የሚችሉት ልማዶች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አንድ ጊዜ በልቶ የጠፋው ሰው ሁለተኛ እንዲመጣ። በወር ሁለቴ የሚመጣው ሦስቴ እንዲመጣ። ቤቱ ጭር በሚልበት ቀንና ሰዓት ሰው እንዲገባ። በአንድ ቁጭታ የሚታዘዘው እንዲጨምር። ዲሊቨሪ የምትሠሩ ከሆነ ደግሞ፣ በአፕ የሚያዝዘው ደንበኛ በቀጥታ ለእናንተ እንዲደውል። የዲሊቨሪ አፖች ኮሚሽን በብዙ ቦታ ከ15 እስከ 30 በመቶ ስለሚደርስ ይህ የመጨረሻው ብቻውን ፕሮግራም ለማስጀመር በቂ ምክንያት ነው።

ከእነዚህ አንዱን ብቻ ምረጡ። ሁሉንም ለመያዝ የተሠራ ፕሮግራም ደንብ ይበዛበታል፤ ደንብ የበዛበትን ነገር ደግሞ አስተናጋጁም አያስረዳውም፣ ደንበኛውም አይሰማውም። ወረቀት ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጻፉት፦ «ማክሰኞና ረቡዕ ከሰዓት ባዶ የሚውሉትን ጠረጴዛዎች መሙላት እንፈልጋለን።» ከዚህ በኋላ የሚመጣው እያንዳንዱ ውሳኔ በዚህች ዓረፍተ ነገር ይመዘናል።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ለአብዛኛው ቤት ትልቁ ጉድጓድ ያለው በመጀመሪያውና በሁለተኛው ጉብኝት መካከል ነው። አሥረኛ ጊዜ የመጣ ሰው አሥራ አንደኛ ጊዜ መምጣቱ አያጠራጥርም። አጠራጣሪው ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ የገባው ነው። አብዛኛው ፕሮግራም ግን የሚሸልመው አሥረኛውን ነው።

2. ሁለት ሳምንት ቁጠሩ

«ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይባላል። ባለቤቶችን «ከደንበኞቻችሁ ስንቱ ተመላላሽ ነው?» ስትሏቸው «ኧረ ሁሉም የኛው ሰው ነው» ይላሉ። ባለቤት የሚያስታውሰው ፊቱን የለመደውን ሰው ነው። አንድ ቀን በልቶ የጠፋው አይታወሰውም።

ስለዚህ ካሸሩ አጠገብ ደብተር አስቀምጡ። ሦስት ዓምድ ይበቃል፦ አዲስ፣ አንዳንዴ የሚመጣ፣ በየሳምንቱ የሚመጣ። ሒሳብ በተከፈለ ቁጥር በአንዱ ላይ ጭረት ይደረጋል። ካሸሩ እርግጠኛ ካልሆነ ይጠይቅ፤ «ከዚህ በፊት መጥተው ያውቃሉ?» የሚለው ጥያቄ ማንንም አያስቀይምም። ቀኑንና ሰዓቱን በግርድፉ ያዙ፦ ጠዋት፣ ምሳ፣ ከሰዓት፣ ማታ።

ከሽያጭ መዝገባችሁ ደግሞ ሁለት ቁጥሮች አውጡ። አንዱ አማካይ ሒሳብ ነው። የቀኑን ሽያጭ ለደረሰኝ ብዛት አካፍሉት። ሌላው የጥሬ ዕቃ ድርሻ ነው፤ ከሸጣችሁት ከ100 ስንቱ ለጥሬ ዕቃ ሄደ? በብዙ ምግብ ቤቶች ይህ 30 አካባቢ ነው፤ ከ28 እስከ 35 ብታገኙ አትደንግጡ።

ሁለት ሳምንቱ ሲያልቅ ደብተሩን አንብቡት። አዲስ ሰው በብዛት እየገባ ተመላላሹ እጅግ ጥቂት ከሆነ እዚሁ ላይ ቁሙ። ችግሩ የሽልማት አይደለም። ምግቡ ይዘገያል፣ ወይም አንድ ቀን ጥሩ ሆኖ በማግስቱ ሌላ ይሆናል፣ ወይም መጸዳጃ ቤቱ ቆሻሻ ነው። በዚህ ላይ ካርድ መደረብ ሰው ያልወደደውን ነገር ደግሞ እንዲቀምስ በገንዘብ መለመን ነው።

3. ሒሳቡን ሳትሠሩ ምንም አትፈርሙ

እዚህ ላይ ትንሽ እንቆይ፤ ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ነው።

«10 ጊዜ ይብሉ፣ 11ኛው በነፃ» የሚለውን የታወቀ ካርድ እንውሰድ። አማካይ ሒሳቡን 100 እንበለው። ከ100ው 30ው የጥሬ ዕቃ ነው። ኪራዩም ደመወዙም አንድ ሰው ቢጨመር ባይጨመር ያው ነውና ከእያንዳንዱ ሒሳብ 70 ለቤቱ ይቀራል እንበል።

ካርድ ሳይኖር 11 ጊዜ የሚመጣ ሰው ለቤቱ የሚያስቀረው 11 በ70፣ ማለትም 770 ነው።

አሁን ካርድ ሰጣችሁት፤ ሰውየው ግን ልማዱን አልለወጠም። ያው 11 ጊዜ መጣ። 10 ጊዜ ከፍሎ 700 አስቀረ። በ11ኛው ቀን የነፃ ምግቡ ጥሬ ዕቃ 30 ፈጀ። የተረፋችሁ 670 ነው። 100 ከስራችኋል።

ካርዱ አንድ ተጨማሪ ቀን አመጣው እንበል። 12 ጊዜ መጥቶ 11 ጊዜ ከፈለ። 770 ሲቀነስ 30፣ 740 ሆነ። አሁንም ከድሮው በ30 ያንሳል።

ሁለት ተጨማሪ ቀን ካመጣው 840 ሲቀነስ 30፣ 810 ይሆናል። አሁን ገና 40 አተረፋችሁ።

ስለዚህ ይህ ካርድ ለቤቱ የሚጠቅመው፣ 11 ጊዜ ይመጣ የነበረውን ሰው ቢያንስ 13 ጊዜ ካመጣው ነው። ይቻላል፤ ግን ቀላል አይደለም። «ነፃ ምግቡ የፈጀብን ጥሬ ዕቃውን ብቻ ነው፤ 30 ብቻ» የሚለው አነጋገር የሚሳሳተው እዚህ ነው። ነፃው ምግብ ሰውየው ሊከፍልበት የነበረውን ምግብ ከተካ፣ ያጣችሁት 30 ሳይሆን ሙሉውን 100 ነው። የምግብ ቤት የተጣራ ትርፍ ብዙ ጊዜ ከ3 እስከ 5 በመቶ ብቻ መሆኑን ስታስቡ፣ እንዲህ ያለ ስህተት ዝም ብሎ የሚታለፍ አይደለም።

አሁን ሽልማቱን ቀይሩት። ሙሉ ሒሳብ ነፃ ከማድረግ ይልቅ፣ ዋጋው 40፣ ጥሬ ዕቃው 12 የሆነ ነገር ስጡ። ጣፋጭ ሊሆን ይችላል፣ መጠጥ ሊሆን ይችላል፣ ማስጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ዋናው ነገር ሰውየው በራሱ ገንዘብ የማያዝዘው መሆኑ ነው። እንዲህ ከሆነ የትኛውንም ክፍያ አይተካም፤ ወጪያችሁ እውነትም 12 ብቻ ነው። አንድ ተጨማሪ ጉብኝት 70 ስለሚያስቀር፣ ከ5 ካርድ አንዱ ብቻ አንድ ተጨማሪ ቀን ሰው ቢያመጣ ወጪው ተሸፍኖ ይተርፋል። ሰውየው ነገሩን ቀምሶ ከወደደው ደግሞ በሚቀጥለው በገንዘቡ ያዝዘዋል።

ጥሩ ሽልማት እንግዲህ ለዓይን ትልቅ፣ ለጥሬ ዕቃ ትንሽ፣ ለደንበኛውም አዲስ ነው። አንድ ነገር ልጨምር፦ ሼፉን ጠይቁት። በምሳ ግርግር ሰዓት ብቻውን 12 ደቂቃ የሚፈጅ ነገር ሽልማት ካደረጋችሁ ወጥ ቤቱ በሳምንቱ ፕሮግራሙን ይጠላዋል።

በመቶኛ የሚደረግ ቅናሽን በተመለከተ አጭር ነኝ። ከ100ው 10 በመቶ ስትቀንሱ ያቺ 10 የምትወጣው ለቤቱ ከሚቀረው ከ70ው ላይ ነው። ከሰባት አንድ እጅ ሄደ ማለት ነው፤ ያውም በእያንዳንዱ ጉብኝት። ደንበኛውም ከሦስተኛው ቀን በኋላ እንደ ሽልማት አያየውም፤ ዋጋው እሱ ነው ብሎ ይለምደዋል። ስታነሱት ዋጋ የጨመራችሁ ይመስለዋል።

4. ዓይነቱን ከቤቱ ጋር አዛምዱ

የማህተም ካርድ። ሰው ቶሎ ቶሎ ለሚመጣበትና ሒሳቡ ከቀን ቀን ብዙ ለማይለያይበት ቤት ነው። የቁርስ ቤት፣ የምሳ ቤት፣ ይዞ መሄጃ። ስንት ማህተም? የእኔ መለኪያ ይህ ነው፦ መካከለኛው ተመላላሽ በስድስት ወይም በስምንት ሳምንት መሙላት አለበት። በሳምንት ሁለቴ ለሚመጣ 12 ማህተም ይሆናል። በወር ሁለቴ ለሚመጣ ግን 12 ማህተም ግማሽ ዓመት ነው፤ ካርዱ በመሀል ይጠፋል። ለእሱ 4 ማህተም አድርጉና ሽልማቱን አሳንሱት።

ስለ ካርድ ሁለት ጥናቶች ማወቅ ይጠቅማል። ጆሴፍ ኑነስና ዣቪየር ድሬዝ እ.ኤ.አ. በ2006 ያሳተሙት ሙከራ በመኪና እጥበት ቤት የተደረገ ነው። 300 ካርዶች ታደሉ። ግማሾቹ 8 ባዶ ክፍል አላቸው። ሌሎቹ 10 ክፍል አላቸው፤ ግን ሁለቱ ቀድመው ታትመዋል። ሁለቱም የሚፈልጉት 8 እጥበት ነው። ባዶ ካርድ ከያዙት የሞሉት 19 በመቶ ሲሆኑ፣ ሁለት ማህተም ከተመረቀላቸው ግን 34 በመቶው ሞሉ። ሰው የተጀመረ ነገር መጨረስ ይወዳል። ባዶ ካርድ አትስጡ።

በዚያው ዓመት ራን ኪቬትዝና ባልደረቦቹ በቡና ካርድ ላይ የሠሩት ጥናት ደግሞ፣ ሰው ወደ ሽልማቱ በቀረበ ቁጥር የሚመጣበት ቀን እየተቀራረበ እንደሚሄድ አሳይቷል። ሽልማቱን ከወሰደ በኋላ ግን ፍጥነቱ ይቀንሳል። ለእናንተ ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ደንበኛው ሽልማቱን የበላበት ቀን የሚላላበት ቀንም ነው። ያን ቀን ባዶ እጁን አይውጣ። አዲሱን ካርድ ሁለት ማህተም አስቀድማችሁ፣ ከሽልማቱ ጋር በአንድ ሳህን አቅርቡለት።

ነጥብ። አንዱ ብቻውን መጥቶ በ40 የሚበላበት፣ ሌላው ስድስት ሰው ይዞ መጥቶ በ900 የሚያዝዝበት ቤት ከሆነ ማህተም ያዳላል። እዚያ ላይ በወጪ ልክ የሚቆጠር ነጥብ ይሻላል። የአሜሪካው የቡና ቤት ሰንሰለት ስታርባክስ እንኳ በጉብኝት ይቆጥር የነበረውን እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ ወጪ ቀይሮታል። በጉብኝት ሲቆጠር አንዳንዱ ደንበኛ ብዙ ኮከብ (የስታርባክስ ነጥብ) ለማግኘት አንዱን ትእዛዝ ከፋፍሎ ያስመታ ነበር፤ ሰልፉ ይረዝማል። በማህተም ካርድ ይህን የምትከላከሉት በአንድ አጭር ደንብ ነው፦ «በአንድ ቁጭታ አንድ ማህተም»።

ነጥብ ከመረጣችሁ ቁጥሩን ቀለል አድርጉት። «በእያንዳንዱ 10 አንድ ነጥብ፣ 50 ነጥብ ሲሞላ ይህን ያገኛሉ» ካለ ይበቃል። አስተናጋጁ ጣቱን ሳይቆጥር ማስረዳት ካልቻለ ደንቡ ከብዷል።

ነሐስ፣ ብር፣ ወርቅ እየተባለ የሚከፋፈለውን እርከን ለአንድ ቤት አልመክርም። ይህ ከአየር መንገዶች የመጣ ልማድ ነው። አሜሪካን ኤርላይንስ እ.ኤ.አ. በ1981 በበረራ ርቀት የሚሸልመውን የማይል ፕሮግራሙን ከጀመረ ወዲህ ተስፋፋ። አየር መንገድ ባዶ የሚበር ወንበር አለው፤ ብዙ ጊዜ ደግሞ ትኬቱን የሚከፍለው የተሳፋሪው መሥሪያ ቤት ነው። እናንተ ጋ ሳህኑ ላይ ያለው ምግብ ገንዘብ ወጥቶበታል፤ የሚከፍለውም ራሱ በላተኛው ነው። ከዚህም ሌላ፣ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ሰዎች አንዱ «ወርቅ» አንዱ «ነሐስ» መባላቸው ምን ይጠቅማል?

ወርሃዊ ክፍያ። ደንበኛው በወር አንዴ ይከፍላል፤ ከዚያ በየቀኑ አንድ ነገር ይወስዳል። ጥሬ ዕቃው ርካሽ ለሆነ መጠጥ ሊሠራ ይችላል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። የእንግሊዙ የሳንድዊችና የቡና ቤት ሰንሰለት ፕሬት ኤ ማንዤ እ.ኤ.አ. በ2020 በቀን እስከ 5 መጠጥ የሚያስወስድ ወርሃዊ ክፍያ ጀምሮ ነበር። በ2024 ይህን አቁሞ በግማሽ ዋጋ የመጠጣት ዕድል በሚሰጥ ሌላ ተካው። ለእናንተ በቀን አንድ ይበቃል። ከመጀመራችሁ በፊት ራሳችሁን ጠይቁ፤ ሁሉም አባል በየቀኑ ቢመጣ ቤቱ ይችላል?

ድንገተኛ ግብዣ። በዓመት አራት አምስት ጊዜ፣ ለልደት ወይም ለቀጠሮ የሚኬድበት የእራት ቤት ካላችሁ ካርዱንም ነጥቡንም እርሱት። አሥር ማህተም ሁለት ዓመት ይፈጃል። እንዲህ ላለው ቤት የሚሠራው ማስታወስ ነው። አንድ መዝገብ ያዙ፦ ስም፣ የሚወደው ጠረጴዛ፣ የማይስማማው ምግብ፣ ባለፈው ምን እንዳዘዘ። ከዚያ ለእያንዳንዱ አስተናጋጅ በሳምንት የተወሰነ ቁጥር ያለው «ከቤቱ ነው» ብሎ የመጋበዝ ሥልጣን ስጡት፤ ለምሳሌ አምስት። ማንን እንደጋበዘና ለምን እንደሆነ ይጻፍ። ወጪው የታወቀ ነው፣ ደንበኛውም አይጠብቀውም። በማህተም የተገኘ ጣፋጭ ሐቅ ነው፤ ሳይጠበቅ የመጣ ጣፋጭ ግን ለጓደኛ የሚወራ ነው። በእኔ ግምት ትልልቆቹ ሰንሰለቶች ከእናንተ ሊቀዱት የማይችሉት ነገር ቢኖር ይኸው ነው።

የመጀመሪያ ግባችሁ አዲስ ሰውን ሁለተኛ ጊዜ ማምጣት ከሆነ ደግሞ ከዚህ ሁሉ የሚቀል መንገድ አለ። አዲስ ሰው ሒሳብ ሲከፍል ትንሽ ወረቀት ስጡት፤ «በሚቀጥሉት 21 ቀናት ሲመለሱ ይህን እንጋብዝዎታለን»። አባልነት የለም፣ ስልክ ቁጥር የለም። የተመለሰው ወረቀት ይቆጠራል፤ ውጤቱም በወሩ ይታወቃል።

5. በምን ይያዝ? በግርግር ሰዓት ፈትኑት

ወረቀት፣ ስልክ ቁጥር፣ አፕ፣ ወይም ከሽያጭ ማሽኑ ጋር የተያያዘ ሲስተም። ሁሉም ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ ባዶ ቤት ውስጥ ሲታዩ ያምራሉ። እናንተ ምሳ ሰዓት ላይ፣ ሰልፍ ባለበት ሞክሯቸው። ሰዓት ያዙ። በአንድ ሰው ላይ ከ10 ሴኮንድ በላይ የሚጨምር ከሆነ ካሸሩ በራሱ ጊዜ ይተወዋል። ደንበኛ ሲጠይቀው ብቻ ያደርጋል፤ ካልጠየቀው ዝም።

ለአንድ ቤት ብቻ ተብሎ የተሠራ አፕ ላይ ገንዘብ አታፍስሱ። ሰው ስልኩ ላይ በየምግብ ቤቱ አንድ አንድ አፕ አይጭንም። ስልክ ቁጥር መንገር ግን ቀላል ነው። ኪውአር ኮድም ጠረጴዛው ላይ ካለ ደንበኛው ምግቡን እየጠበቀ ይመዘገባል።

ወረቀት የራሱ ጣጣ አለው። ተራ ማህተም የትም ይገዛል፤ ስለዚህ ቅርጹ ለየት ያለ አስቀርጹ፣ አጠገቡም ካሸሩ ቀኑን ይጻፍ። የስልክ ሲስተም ደግሞ ሌላ ቀዳዳ አለው። ሠራተኛ ያልተመዘገበ ደንበኛ ሲከፍል የራሱን ወይም የጓደኛውን ቁጥር ሊያስገባ ይችላል። በየሳምንቱ ብዙ ነጥብ የሰበሰቡትን አሥር ቁጥሮች እዩ። በአንድ ቀን ስድስት ጊዜ ምሳ የበላ ሰው ካገኛችሁ ነገሩ ግልጽ ነው። ይህን እንደምታዩ ሠራተኞቹ ከመጀመሪያው ቢያውቁ ደግሞ ማንንም ሳታሳፍሩ ታስቀራላችሁ።

6. ሻጩን የምትጠይቁት

ወርሃዊ ክፍያውን ሁሉም ይናገራል። እናንተ ከዚያ በኋላ ያለውን ጠይቁ። የጽሑፍ መልእክት ለብቻው ይከፈልበታል? ውሉ ለስንት ጊዜ ያስራል? አሁን ካለን የሽያጭ ማሽን ጋር ይሠራል ወይስ ካሸሩ ሁለት ጊዜ ሊያስገባ ነው? ኔትወርክ ሲጠፋ ምን ይሆናል?

ከሁሉም በላይ፦ የደንበኞቹ ዝርዝር የማን ነው? ውሉን ስናቋርጥ ስሙንና ነጥቡን በኤክሴል አውጥተን መውሰድ እንችላለን? መልሱ «እሱን እናየዋለን» ከሆነ አትፈርሙ። ነገ ዋጋ ሲጨምርባችሁ መውጫ የላችሁም። ውል ውስጥ በጽሑፍ ይግባ።

መረጃ ስትሰበስቡ ቁጥብ ሁኑ። ስምና ስልክ ይበቃል። ልደት ከፈለጋችሁ ቀኑንና ወሩን ብቻ፤ ዓመተ ምሕረቱ ምን ያደርግላችኋል? መልእክት ለመላክ ፈቃድ ጠይቁ፣ ማቋረጫውንም አሳዩ። በአውሮፓ እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ የሚሠራው ጂዲፒአር የሚባለው ሕግ ይህን ያስገድዳል፤ ሌሎች ብዙ አገሮችም የየራሳቸው የመረጃ ጥበቃ ሕግ አላቸው። የእናንተን አገር ሕግ ከመጀመራችሁ በፊት እዩት።

7. ደንቡን በአንድ ገጽ ጻፉ

ከአራት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ። ምን ሲደረግ ማህተም ይገኛል፣ ስንት ሲሞላ ምን ይሰጣል፣ እስከ መቼ ይሠራል፣ ምን ላይ አይሠራም። ካርዱ ጀርባ ላይ ይታተም። አንድ ቅጂ ካሸሩ ጋ ይለጠፍ።

ያልተበላ ማህተም ዕዳ መሆኑን አትርሱ። ስንት ካርድ እንደታደለና ስንቱ እንደተመለሰ ቁጠሩ። ማብቂያ ቀን ማድረግ ነውር አይደለም፤ ነውሩ መደበቅ ነው። በመሀል ደንብ መለወጥ ደግሞ ሁልጊዜ ያስከፍላል። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን ካርዱ ላይ ማብቂያውን ጻፉ፤ «ይህ ፕሮግራም እስከ እዚህ ቀን ድረስ ይቆያል»። ጥሩ ከሆነ ታራዝሙታላችሁ፤ ማራዘም ማንንም አያስከፋም።

ሠራተኞቻችሁን ግማሽ ሰዓት ሰብስባችሁ እርስ በርስ አለማምዷቸው። አንዱ ደንበኛ ይሁን፣ አንዱ ካሸር። «ካርዴን ረስቼ መጣሁ» ለሚለው ሰው ምን እንደሚመለስለት ተስማሙ። እኔ «ዛሬ አዲስ ይውሰዱ፣ በሚቀጥለው እናዋህደዋለን» የሚለውን እመርጣለሁ።

8. ለ90 ቀን ሞክሩና መዝኑት

እዚህ ላይ አንድ ወጥመድ አለ። ሻጩ በሦስተኛው ወር ግራፍ ይዞ ይመጣል፦ «አባሎቻችሁ አባል ካልሆኑት በእጥፍ ይመጣሉ!» ይላችኋል። እውነት ነው፤ ግን ምንም አያሳይም። ድሮም አዘውትሮ የሚመጣው ሰው ነው ቀድሞ የተመዘገበው።

ትክክለኛው መመዘኛ ከሌላ ሰው ጋር ሳይሆን ከራሱ ከድሮው ጋር ማወዳደር ነው። ደብተሩን አውጡና በ90ኛው ቀን እንደገና ሁለት ሳምንት ቁጠሩ። የሳምንቱ ተመላላሽ ጨመረ? ባዶው ማክሰኞ ሞላ? በወቅት ምክንያት የመጣ ለውጥ እንዳያታልላችሁ ሌላም ዘዴ አለ። ካርዱን በመጀመሪያው ወር ለአንድ ክፍል ጠረጴዛዎች ብቻ ስጡ፤ ለምሳሌ ቁጥራቸው ተጋማሽ (2፣ 4፣ 6) ለሆነው። ከዚያ የእነዚህን መመለስ ጎዶሎ ቁጥር ላይ ከተቀመጡት ጋር አስተያዩ። ተመላሾቹን ለማወቅ ለሁለቱም ወገን ቀለሙ የተለያየ ተራ የአድራሻ ካርድ መስጠትና «ሲመለሱ ይህን ይዘው ይምጡ» ማለት ያስፈልጋል፤ ፍጹም አይደለም፣ ግን ከግምት ይሻላል።

ከዚያ ወደ ሦስተኛው ደረጃ ሒሳብ ተመለሱ። ተጨማሪ የመጡትን ቀናት በሚያስቀሩት አባዙ፣ የሽልማቱንና የሲስተሙን ወጪ ቀንሱ። ከዜሮ በታች ከሆነ መጀመሪያ ሽልማቱን ለውጡ፤ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ እዚያ ነው። በሁለተኛው ሙከራም ካልሠራ ዝጉት።

ስትዘጉት ከ60 ቀን በፊት በጠረጴዛው ላይና በመልእክት አሳውቁ። በዚህ ጊዜ አዲስ ካርድ አይሰጥም፤ የያዘው ግን ይሞላል፣ ይበላበታል። በግማሽ የቆመ ካርድ ለያዘ ሰው ትንሽ ነገር ጋብዙት። ቀኑ ካለፈ በኋላም ሙሉ ካርድ ይዞ የሚመጣ አይጠፋም። ለእሱ የሚሆን ትንሽ ወረቀት የካሸሩ መሳቢያ ውስጥ ለጥፉ፤ ካሸሩ ቢለዋወጥ፣ ሥራ አስኪያጁም ቢለቅ እንኳ የመጣው አዲስ ሰው የሚያነበው፦ «ሙሉ ካርድ ይዞ የመጣ ሰው ይስተናገዳል። ማንንም መጠየቅ አያስፈልግም።»